መብራቱን ያጠፋሁበት ዝናብ

ባለፈው ሐምሌ ከቦሌ ወደ ቡልቡላ በታክሲ ስሄድ ዝናቡ ድንገት ወረደና መኪናው ሁሉ ባለበት ቆመ። ሹፌሩ ጨዋታ የሚወድ ወጣት ነበር። በጉም የተሸፈነውን መስታወት በመዳፉ እየጠረገ ወደ ውጭ ተመለከተና «ይሄ ሁሉ ውኃ ከየት ነው የሚመጣው ጋሼ?» አለኝ። የቆምነው ድልድይ ላይ ነበር። ግራና ቀኙ ኮንዶሚኒየም፣ የጎማ መጠገኛ፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ስለሆነ ከሥሩ ወንዝ መኖሩን ልብ የሚል ሰው የለም።

«ከሥራችን ወንዝ አለ» አልኩት።

«ቀልደኛ ነዎት!» ብሎ ሳቀ።

አልቀለድኩም። ያንን ወንዝ ለዓመታት በየቀኑ ተሻግሬዋለሁ። አንድ ቀን ደግሞ ፊቱ ቆሜ አፌን ከፍቼ አይቼዋለሁ።

ያኔ ሃያዎቹን ያጋመስኩ ወጣት ነበርኩ። ቡልቡላ ገና ከተማ አልሆነችም። ከአውሮፕላን ማረፊያው በስተደቡብ ያለው ሜዳ የጤፍና የሽንብራ እርሻ ነበር፤ በክረምት መሬቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ጫማ ያስቀራል፣ በጥቅምት ደግሞ ጤፉን ነፋስ ሲነካው ሁሉም ባንድ ላይ ይተኛና ይነሳል። እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ መሀል ከተማ የነበረው ቤታችን ውስጥ መተኛት አቃታቸው። «በየክፍሉ ድምጿ አለ» ይሉ ነበር። ስለዚህ እርሻ መሀል ከተሠሩት ጥቂት የብሎኬት ቤቶች ወደ አንዷ ገባን። ዘመድ ሁሉ «ገጠር ወረዱ» ብሎ አዘነልን። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ጠዋት ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ ከሰዓት ጎመን ይኮተኩታሉ፣ ማታ እኔን ይጠብቃሉ።

እኔ ደግሞ ሞተር ነበረችኝ። ያረጀች፣ ቀይ፣ ጠዋት ጠዋት ለመነሳት የምትለመን ሞተር። አባባ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አልወደዷትም፤ ግን ሽጣት ብለውኝም አያውቁም። ቁልፉን ሳስገባ በሩ ላይ ይቆሙና «ቀስ» ይላሉ። በቃ፣ አንድ ቃል። ዝናብ የያዘ ቀን ግን ቤት አይቀመጡም። ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው፣ የሚያማቸውን ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ወንዙ ድረስ ወጥተው ይቀበሉኛል። ስንት ጊዜ «አባባ ይተዉ፣ ይታመማሉ» ብያቸዋለሁ። «እግር ካልተንቀሳቀሰ ይደርቃል» ይሉኝና በሚቀጥለው ዝናብ እንደገና እዚያው አገኛቸዋለሁ።

እሁድ እሁድ ሞተር የምንወድ ሰዎች አያት አደባባይ አለፍ ብሎ ባለው ባሕር ዛፍ ሥር እንሰበሰብ ነበር። ማኅበር ይባል ዘንድ ስምም ደንብም አልነበረንም። ወደ ለገጣፎ ወጣ ብለን እንመለሳለን፣ ሞተሮቻችንን በተርታ አቁመን እንደ ፈረስ እናደንቃቸዋለን፣ ከመንገድ ዳር ሴቶች ገና ከከሰሉ የወረደ በቆሎ ገዝተን እጃችንን እያቃጠለን እንግጣለን። የክረምት በቆሎ ከብርድ ጋር ሲበላ ያለውን ጣዕም ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። የሁላችንም ታላቅ ጋሽ መርሻ የሚባሉ ጺማቸው የሸበተ የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ሞተር ላይ ሲወጡ ዕድሜያቸው በግማሽ ይቀንሳል።

በዚያ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጨዋታው በደራበት ሰዓት ጋሽ መርሻ የጋጡትን በቆሎ እንደያዙ ቀና አሉ።

«የየካ ተራራ የት ሄደ?» አሉ።

ሁላችንም ዞርን። ተራራው የለም። በቦታው ከሰማይ እስከ ምድር የተዘረጋ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ቆሟል፤ ውስጡ መብረቅ ድምፅ ሳያሰማ ብልጭ ይላል። ወፎች ዝም ብለዋል። በቆሎ ጠባሿ ሴትዮ እንኳ ማራገቧን አቁማ አማተበች። እንደዚያ ያለ ሰማይ ከዚያ በፊት አላየሁም ነበር።

ሄልሜቴን ሳነሳ ጋሽ መርሻ ክንዴን ያዙኝ።

«አንተ ልጅ፣ እብድ ነህ? እዚሁ ይለፍልህ።»

«አባባ ይወጣሉ።»

«ወዴት ነው የሚወጡት?»

«ወንዙ ድረስ። ዝናብ ሲመጣ ሊቀበሉኝ ይወጣሉ። ከቆየሁ እዚያው ዝናቡ ላይ ነው የሚቆሙት።»

ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ጓንት አውልቀው ሰጡኝ። «እንግዲህ አባት ከሆነ ምን ይባላል» አሉ። «ውኃ ውስጥ ስትገባ ጋዝ እንዳትቀንስ።»

ሲኤምሲን ሳልጨርስ ያዘኝ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ያ የራሰ አቧራ ሽታ፤ ቀጥሎ ትልልቅ ጠብታዎች ሄልሜቴን እንደ ጠጠር መቱት፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ የሚባል ነገር ቀረ። ሰማዩ ተገልብጦ ፈሰሰ ማለት ይሻላል። መገናኛ ስደርስ በረዶ ሆነ። የሰው ልጅ ሁሉ በየበረንዳው ተጣብቆ፣ አደባባዩ ባዶ ሆኖ፣ በረዶው አስፋልት ላይ እየነጠረ ጉልበቴ ድረስ ይዘላል። ከሾላ ገበያ በኩል የሚመጣው ጎርፍ ቲማቲምና ሎሚ እያንከባለለ ያልፋል፤ ቀዩና ቢጫው በነጩ በረዶ መሀል ሲሄድ ፍርሃቴን ረስቼ ቀነስ አድርጌ አየሁት። እጄ ደንዝዞ ፍሬኑን መያዜን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነበር።

ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ ሚኒባሶች ውኃ ውስጥ ቆመዋል። አንድ ረዳት በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሞተረኛው! ወዴት ነው? ዋና ትችላለህ?» ብሎ ጮኸ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሄልሜቴ ውስጥ ሳቅሁ። የጋሽ መርሻን ምክር አስታውሼ ጋዙን ሳልለቅ ገባሁበት። ውኃው የእግሬን መርገጫ ሸፈነው፤ ሞተሯ አጉረመረመች፣ ተንገዳገደች፣ ወጣች። ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ።

ከቀለበት መንገዱ ወጥቼ ቦሌ ሚካኤልን ሳልፍ ደግሞ ሰማዩ በአንድ ጊዜ በራ። መብረቅ መሰለኝና አንገቴን ቀበርኩ። ለካ አውሮፕላን ነው። ለማረፍ ዝቅ ብሎ ከራሴ በላይ አለፈ፤ በመብራቶቹ ውስጥ ዝናቡ እንደ ብር ክር ተዘርግቶ፣ ሆዱ እርጥብና ሰፊ ሆኖ፣ ድምፁ ደረቴ ውስጥ ገብቶ። ያን ሁሉ ሰው ተሸክሞ በዚያ ሰማይ ውስጥ መንገዱን ማግኘቱ ገረመኝ። እኔ አንዲት ሞተር ይዤ የማውቀውን ሰፈር መለየት አቅቶኛል።

አስፋልቱ አለቀና ጭቃው ጀመረ። ገና አልመሸም፤ ግን ጨልሟል፤ የፊት መብራቴን አብርቼ ወደ ወንዙ ቁልቁል ወረድኩ። ወንዙን የምንሻገረው በሲሚንቶ በተሠራ ዝቅ ያለ መሻገሪያ ነበር፤ መከላከያ የለው፣ ከፍታ የለው። በበጋ ልጆች ጫማቸው ሳይርስ ይሻገሩታል፤ በክረምት ውኃው ላዩ ላይ ቢያልፍም ቁርጭምጭሚት አይደርስም። እኔ ያን ቦታ ሳልቀንስ በርሬ ማለፍ ልማዴ ነበር።

መብራቴ ማዶው ላይ ሲያርፍ ጃንጥላ አየሁ።

አባባ ናቸው። መብራቱን አይተው እኔ መሆኔን አውቀዋል፤ አንድ እጃቸውን አንስተው፣ አንገታቸውን ከጃንጥላው ሥር ቀብረው፣ ወደ መሻገሪያው መውረድ ጀመሩ። ሊቀበሉኝ። ፍሬን ይዤ ቆምኩ። ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። መጀመሪያ ሌላ አውሮፕላን መሰለኝ። ግን ከላይ አልነበረም፤ ከግራዬ፣ ከወንዙ ሽቅብ፣ መሬት መሬቱን ነበር የሚመጣው። ከእግሬ ሥር አፈሩ ይንቀጠቀጣል።

«አባባ! ይመለሱ!» ብዬ ጮህኩ። የገዛ ድምፄን አልሰማሁትም። ክላክስ ነፋሁ። እሳቸው እንደ ሰላምታ ቆጠሩት መሰለኝ፣ እጃቸውን ደግመው አነሱና ፈጠን አሉ። ጃንጥላው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ሸፍኖባቸዋል። መብራቴ ደግሞ መንገዱን ፍንትው አድርጎ ያሳያቸዋል። ወደ መብራቱ ነበር የሚመጡት።

እጄ መብራቱን አጠፋው።

አሰብኩበት ብል ውሸት ነው። ማን እንዳዘዘው ዛሬም አላውቅም። ዓለም ሁሉ ግራጫ ሆነ፤ አባባ የጨለማ ቅርጽ ብቻ ሆኑ። ያም ቅርጽ አንድ እግሩን ሲሚንቶው ላይ እንዳሳረፈ ቆመ። አልተራመደም። ቆመ።

ወዲያው ውኃው መጣ። ውኃ ብዬ መጥራቴ ቃል ስላጣሁ ነው። ከሰው የሚበልጥ ቡናማ ግድግዳ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ግራር ከፊቱ አስቀድሞ፣ የቤት ቆርቆሮ እንደ ወረቀት እያጣጠፈ፣ ድንጋይ ከድንጋይ እያጋጨ በመሀላችን አለፈ። ዛፉ መሻገሪያውን ሲመታው የሲሚንቶው ግማሽ እንደ ዳቦ ተቆርሶ ሄደ። ነፋሱ ብቻ ከሞተሬ ሊያወርደኝ ምንም አልቀረው። የእርጥብ አፈርና የተሰበረ እንጨት ሽታ አፈነኝ። መፍራት እንኳ አልቻልኩም። ትልቅ ነገር ፊት እንደቀረበ ሰው ሄልሜቴን አወለቅሁ።

መብራቱን መልሼ ለማብራት የወሰደብኝን ጊዜ መናገር አልፈልግም። ስፈራ ስፈራ አበራሁት። ብርሃኑ የሚናወጠውን ውኃ አልፎ ማዶ ደረሰ። አባባ ዳገቱ ላይ፣ ጃንጥላቸው ተገልብጦ፣ በጭቃው ተቀምጠዋል። እጃቸውን አነሱ። እኔም አነሳሁ።

አዴ ጫልቱ፣ በእኔ በኩል ወንዙ ዳር የሚኖሩ ሴት ገበሬ፣ በራሳቸው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ደፍተው ከጓሯቸው እየሮጡ ደረሱ። «ወላሂ ጮኼ ነበር! አልሰማህም እንዴ? ከላይ ሲመጣ አይቼው ነበር!» አሉኝ እያለከለኩ። ከዚያ ማዶ አባባን አዩ። ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ፤ እሱም ርሶ ነበር።

ዝናቡ እንደመጣው ባንዴ ተቆረጠ። በምዕራብ በኩል ደመናው ከሥሩ ተከፈተና የምትጠልቀዋ ፀሐይ በአግድም ገባች። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነበር። በታረሰው ጥቁር አፈር ላይ በረዶው ተኝቶ፣ ብርሃኑ ሲነካው እንፋሎት እያወጣ፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ድረስ ያበራል። አዴ ጫልቱ ትኩስ የባቄላ ንፍሮ በሳህን አምጥተው ሰጡኝ፤ በላሁት ወይስ ያዝኩት ብቻ እንደሆነ አላስታውስም። አባባና እኔ በጎርፉ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ተያየን። መነጋገር አይቻልም። አንዳንዴ እሳቸው ወደ ሰማዩ ያመለክቱኛል፣ እኔም ወደ ሜዳው አመለክታቸዋለሁ። አየህ? እንደማለት። አየሁ፣ እርስዎም ይዩት እንደማለት። ከአባቴ ጋር እንደዚያ ቀን ብዙ አውርቼ አላውቅም።

ውኃው ሲቀንስ ሞተሯን አዴ ጫልቱ ግቢ ትቼ፣ የባላቸውን ዱላ ተደግፌ፣ ከፈረሰው መሻገሪያ በላይ ባለው ድንጋያማ ቦታ ተሻገርኩ። አባባ እጄን ይዘው ሳቡኝና ከእግር እስከ ራሴ ተመለከቱኝ።

«በልተሃል?» አሉኝ።

አቅፌያቸው አለቀስኩ። እያዘገምን ወደ ቤት ስንሄድ፣ መብራቱ ሲጠፋ ለምን እንደቆሙ ጠየቅኋቸው።

«የወደቅህ መሰለኝ» አሉ። «ሮጬ ልደርስልህ ፈለግሁ። እግሬ እንቢ አለ። ተያዘ። በሕይወቴ እንደዚያ ሆኖ አያውቅም። የውኃው ነፋስ ነው ወደ ኋላ ዳገቱ ላይ የጣለኝ።»

ለብዙ ዓመታት ያን ታሪክ ለሰው ሳወራ አባቴን እንዴት እንዳዳንኩ ነበር የማወራው። አባባም አጠገቤ ሆነው ያዳምጣሉ፤ አንድም ቀን አቋርጠውኝ አያውቁም። በመጨረሻ በታመሙበት ክረምት፣ አንድ ከሰዓት አልጋቸው ጠርዝ ተቀምጬ ውጭ ዝናብ ሲወርድ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «የዚያን ቀን ግን» አሉ፣ «እኔን ባታየኝ ኖሮ ትቆም ነበር?»

ያን ሁሉ ዓመት ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። አልቆምም ነበር። እንደልማዴ ሳልቀንስ እገባ ነበር፤ ውኃውም መሀል ላይ ያገኘኝ ነበር። ፍሬን የያዝኩት ጃንጥላቸውን ስላየሁ ነው። እጃቸውን ያዝኩና «አልቆምም ነበር አባባ» አልኳቸው። ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁና እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ዛሬ እኔም ወደሳቸው ዕድሜ እየተጠጋሁ ነው። ሁለታችን አንዳችን ላንዳችን ብለን ወጣን፤ አንዳችን በሌላው ላይ የመጣውን የሞት መንገድ ዘጋን፤ አንዳችንም የምናደርገውን አናውቅም ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የሚሰማኝን ነገር እስካሁን በልኩ የሚጠራ ቃል አላገኘሁለትም። ዝናብ ሲበረታ ግን ሥራዬን አስቀምጬ መስኮቱ አጠገብ እቆማለሁ፤ ቤተሰቤም ለምዶኛል፣ እስኪያባራ ድረስ ማንም አይጠራኝም።