በክሊም ውሃ ያደገው አትክልት

በዚህ ሰሞን ለቤቴ ክሊም አስገጠምኩ። ክሊም የምንለው፣ እዚህ ጅቡቲ፣ የአየር ማቀዝቀዣውን ነው። ስንት ዓመት በሰው ቤት ክሊም ስር ቆሜ ልብስ ተኩሼ፣ ፀጉሬ ሽበት ከጀመረ በኋላ የራሴ የምለው መጣልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሊገጥም የመጣው ባለሙያ ቱቦውን በእጁ ይዞ፣ «እትዬ፣ የሚንጠባጠበውን ውሃ ወዴት ልልቀቀው? መንገድ ላይ ይፍሰስ?» አለኝ።

«የለም፣ ባልዲ አለኝ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ምክንያቱን ልነግረው አሰብኩና ነገሩ ረዥም ሆነብኝ።

ያኔ ጅቡቲ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ሰው ቤት እያደርኩ የምሠራ ልጅ ነበርኩ። እንደኔ ካሉ የአገሬ ልጆች ጋር ሆነን፣ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት ስንወጣ የምናርፍባት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ካርቲየ 5 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ተከራይተን ነበር። አከራያችን ማማ ሐዋ ሶማሌ ናት፤ ድሬዳዋ ስላደገች አማርኛዋ ከኛ ይፈጥናል። በሯ ላይ ከተፈጨ ጥራጥሬ የሚሠራውን ባጂያ እየጠበሰች ትሸጣለች። ባጂያ የጾም ስለሆነ ለዓርባችን ይመቸን ነበር። ምን ያደርጋል፣ ፊት ለፊቱ ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻ የሚደፋበት ባዶ ቦታ አለ። ፀሐይ ላይ የዋለ የዓሣ ራስ፣ ዝንብ፣ ካርቶን የሚያኝኩ ፍየሎች። ገና ሳንጎርስ ሽታው ያጠግበናል።

«አቦ፣ ይሄ ቦታ ደንበኛዬን ሁሉ አባረረብኝ!» ትላለች ማማ ሐዋ።

አንድ ቀን ከመካከላችን አንዷ፣ ብርቄ፣ «ለምን አጽድተን ጎመን አንተክልበትም?» አለቻት።

«ጎመን? እዚህ አገር? ቆይ፣ ድንጋዩ ይብቀልና ጎመኑን እናስብበታለን!»

ብርቄ የመርሳ ልጅ ነበረች። «እኛ አገር ፓፓያ የሚተክል የለም፤ በልተሽ ፍሬውን ከተፋሽ ይበቅላል» ትል ነበር። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከያዘች የማትለቅ። የዚያኑ ዕለት አካፋ ተዋሰች። እየሳቅንባት ጀመረች፣ እያፈርን ተከተልናት።

አፈሩን ያመጣልን አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ፔካ 12፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ካለው የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ ሲደርስ መልእክት ይልክልናል። ባዶውን ወደ ወደብ ሲወርድ ከአዋሽ ወዲያ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ይጭንልናል። «ድንበር ላይ ምንድን ነው አሉኝ፤ አፈር ነው አልኳቸው። አፈር ከዚህ አገር ጠፍቶ ነው? ብለው ሳቁብኝ» አለን። የፓፓያውንም ፍሬ በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣላት እሱ ነው።

ውሃው ግን አስቸገረን። የቧንቧው ጨው ጨው ይላል፤ የመጀመሪያው ችግኝ በሙሉ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እንደ ወረቀት ተቃጠለ። ብርቄ አንድ ጠዋት አሠሪዎቿ ግቢ ውስጥ፣ ክሊሙ በሚንጠባጠብበት ጥግ፣ ማንም ያልተከለው ሣር አየች። ቀመሰችው ውሃውን። ጨው የለውም። ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በየማዳማችን ቤት ከክሊሙ ስር ባልዲ ደቀንን። ጠዋት ዳቦ ግዢ ስንላክ በጀሪካን ይዘን እንወጣለን፤ ጎረቤቱ ባገት የሚሉትን ረጅም ዳቦ በብብቱ ይዞ ሲመለስ እኛ በአንድ እጃችን ዳቦ፣ በአንድ እጃችን ውሃ።

በቀለ። ጎመኑ፣ በሶብላው፣ ጤና አዳሙ። በአሮጌ ጎማ ውስጥ ቃሪያ አፈራ። የሰፈሩ ወንዶች ከወደብ በመጣ ጣውላ ፍየሎቹ እንዳይገቡ አጥር አጠሩ፣ ሴቶቹ ግድግዳቸውን ኖራ ቀቡ። ቆሻሻ የሚደፋ ሰው ማማ ሐዋ በሦስት ቋንቋ ትሰድበዋለች። ማታ ማታ ሽማግሌዎች አግዳሚ አውጥተው እዚያው ይቀመጡ ጀመር። የብርቄ ፓፓያ ከቁመቷ በለጠ። «አበባ ሊያወጣ ነው» አለችኝ አንድ ዓርብ፣ ግንዱን በመዳፏ ይዛ። «ከዚህ አገር ምንም የለኝም። ይቺን አንዴ አፍርታ ልያት።»

በዚያ በጋ ግን አፈሳ መጣ፤ እዚህ ራፍል ይሉታል። ወረቀት የሌለውን የውጭ ሰው ከመንገድ እያነሱ ወደ ድንበር መመለስ ነው። ለኔ ማዳሜ መታወቂያ አውጥታልኛለች። የብርቄ አሠሪዎች ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያሉ ትተዋት ነበር።

«ከግቢ እንዳትወጪ» አልኳት። «ውሃሽን ከበር እየተቀበልኩ እኔ አደርሳለሁ።»

«እሺ። ፓፓያዋን ከሥሯ አጠጪያት፤ ግንዷን አታርሽባት።»

ደግሞ መብራት ይጠፋ ጀመር። መብራት ሲጠፋ ክሊም የለም፤ ክሊም ከሌለ ውሃ የለም። የኛ ባልዲዎች ሁሉ ደረቁ። ጄኔሬተር ያለው የብርቄ አሠሪዎች ቤት ብቻ ነበር። እንግዲህ ውሃው ያለው እሷ ዘንድ ሆነ፤ መንገድ ላይ መታየት የሌለባትም እሷ።

ካምሲን የሚሉት ነፋስ አሸዋውን አፍንጫችን ውስጥ በሚያስገባበት ሳምንት ማዳሜ የእህቷን ልጅ ዳረች። እንግዳው ጎረፈ፤ ከወጥ ቤት ደጃፍ አልፌ መውጣት ተከለከልኩ። ብርቄ በር ላይ ጀሪካኗን አስቀምጣ ጠበቀችኝ። አንድ ጠዋት ጠበቀች፣ በማግስቱም ጠበቀች። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ራሷ ይዛው ወጣች።

የሆነውን የነገረችኝ ማማ ሐዋ ናት።

«ዛሬ የአፈሳዋ መኪና ስትዞር አይቻለሁ፣ ግቢ ወደ ቤት አልኳት። አሁን እጨርሳለሁ አለችኝ። እየተናገርን ደረሱ። ፖሊሱ ክንዷን ሲይዛት ምን አለች መሰለሽ? ውሃውን ላፍስሰው። አቦ፣ እኔ ነኝ በሶማልኛ የነገርኩት። ልጁ ለቀቃት። ቆሞ ጠበቃት፣ ወላሂ! እሷ ደግሞ አትቸኩልም። ጎመኑን አጠጣች፣ ቃሪያውን አጠጣች፣ የቀረውን ለዛፏ። ባዶውን ጀሪካን ለኔ ሰጥታኝ መኪናው ላይ ወጣች።»

«ምንም አላለችም?»

«ለሷ ንገሪያት፣ ውሃ ልትቀበል ወደ በሩ አትመላለስ አለች። ለአንቺ ነው።»

ፔካ 12 ሄጄ ሾፌሮችን ጠየቅሁ። ድንበር ላይ፣ ድሬዳዋ፣ ሚሌ፣ ሲያልፉ እንዲያጠያይቁልኝ ለመንኩ። ያየ አልተገኘም። ያ አፈር ያመጣልን ሾፌር እንኳ መርሳ ሰው ልኮ ነበር፤ አልደረሰችም አሉት።

ልጆቹ ፈርተው ካርቲየ 5 መምጣት ተዉ። ማማ ሐዋ በቧንቧው ውሃ ለማቆየት ታገለች፤ አትክልቱ ዳር ዳሩን እየተቃጠለ አለቀ። ፓፓያው አበባውን ሳያወጣ ቅጠሉን አራገፈ። አጥሩን ሰው ለማገዶ ነቀለው፣ ግንዱን ፍየል ላጠው። አሁን ቦታው ላይ የጎማ ጥገና ቤት ቆሟል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በጸሎት እንዲያስቡልኝ ስሟን ለቄሱ ሰጠኋቸው።

«የክርስትና ስሟስ፣ ልጄ?» አሉኝ።

አላውቀውም። አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተን የእናቷን ስም፣ የላሟን ስም ሳይቀር ነግራኛለች። የክርስትና ስሟን ግን አልጠየቅኋትም፤ እሷም የኔን። በሰው አገር ሰው ሲቀራረብ ነገ የሚለያይ አይመስለውም፤ ለነገ የሚሆነውን ሳይጠያየቅ ይኖራል።

«ከሕያዋን ጋር ላስባት ወይስ ካረፉት ጋር?»

ይኼንንም አላውቅም። አባ አላስቸኮሉኝም፤ መስቀላቸውን ይዘው ቆሙ።

«ከሕያዋን ጋር ያድርጉልኝ» አልኳቸው።

«በምን ስም?»

«ብርቄ ይበሏት፣ አባ። እሱ ያውቃታል።»