ማሲንቆዬን ተሸክሜ ለቅበላ አንኮበር

ዓርብ፣ የካቲት 27 ቀን 1956 ዓ.ም.

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ጀርባዬ ላይ የአጎቴ የወታደር ቦርሳ፣ ከቦርሳው ጋር በጆንያ የተጠቀለለ ማሲንቆ። ማሲንቆውን በገመድ ስጠፍር አባቴ አንድ ነጭ ነገር ክንዳቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ አጥሩ በር ተከተሉኝና የሆነ ነገር አሉኝ። ምን እንዳሉ እንጃ። «እሺ አባባ፣ እሺ» እያልኩ ቋጠሮዬን አጥብቄ ሮጥኩ። ምክር መስሎኝ ነበር፤ ምክራቸውን ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ጠግቤዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ መሪጌታ ናቸው። ልጃቸው ማሲንቆ ይዞ ልሙት ሲል አልረገሙኝም፤ ቀጠሮ ሰጡኝ እንጂ። ደብረ ብርሃን ያሉት ስመ ጥሩው አዝማሪ ጋሽ ታፈሰ ሰምተውኝ «አስተምረዋለሁ» ካሉ አይከለክሉኝም። ካላሉ ግን ማክሰኞ ጠዋት አባቴ ደጅ ጠንተው ባገኙልኝ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት እገባለሁ፤ የማሲንቆ ነገርም በዚያው ያበቃል። ችግሩ ቀኑ ነው። ሰኞ ሁዳዴ ይያዛል። ሁዳዴ ከተያዘ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ እስከ ፋሲካ የሚነካው የለም። ስለዚህ ያለኝ ጊዜ እስከ እሑድ፣ እስከ ቅበላ ብቻ ነው።

አውቶቡሱ ኮተቤን ሲያልፍ ነጋ። ሾፌሩ ጆንያዬን አይቶ ምን እንደሆነ ጠየቀኝና ስነግረው፣ ማሲንቆ ወደ ደብረ ብርሃን መውሰድማ ብርድ ይዞ እንደመሄድ ነው ብሎ መኪናውን ሙሉ አሳቀብኝ። ሰንዳፋ፣ አሌልቱ፣ ከዚያ ሸኖ። ሸኖ ላይ ሴቶች ለጋ ቅቤ በቅል ይዘው መስኮቱን ከበቡት። ዓርብ ነውና አሽትተን አለፍን። ጫጫን ስንሻገር ነፋሱ በመስኮቱ ስንጥቅ እየገባ አጥንቴ ድረስ ዘለቀ። በላዬ ያለው አንዲት ስስ ኮት ናት።

ደብረ ብርሃን ከቀትር በኋላ ደረስን። የኩበት ጭስ፣ በርኖስ የደረቡ ሽማግሌዎች፣ ለቅበላ የሚነዳ የበግ መንጋ። ከገበያው በስተጀርባ ባለችው ጠባብ መንገድ ስገባ ደግሞ ጉድ ነው። በቀኝ ካለው ቤት በትዝታ ቅኝት፣ በግራ ካለው በአንቺ ሆዬ፣ ከወዲያ ከበሮና ጭብጨባ። ሃምሳ አምስት ቀን ዝም የምትል ከተማ ያላትን ሁሉ በሦስት ቀን ልትጨርስ የተነሣች ትመስላለች። ወደድኳት። እውነቴን ነው፣ መንገዱ መሐል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ ግን አልቆየም። ጋሽ ታፈሰ የሚጫወቱበትን የእትዬ ዘነበችን ጠላ ቤት ጠይቄ ደረስኩ። እትዬ ዘነበች ሞላ ያሉ፣ ወገባቸውን በመቀነት ጠበቅ ያደረጉ ሴት ናቸው። ጋሽ ታፈሰ ትናንት አንኮበር ሄደዋል አሉኝ። በየዓመቱ ቅበላን የሚውሉት፣ ሁዳዴንም የሚሰነብቱት እዚያ፣ ወይዘሮ አጸደ ከሚባሉ ሴት ቤት ነው። ፊቴን አይተው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ አሹቅ ሰጥተው እስቲ ተጫወት አሉኝ። በደብተሬ ጽፌ ያጠናኋቸውን ግጥሞች አንድም ሳላስቀር አወረድኳቸው። ጥግ የተቀመጠ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ሲጠራኝ ነበር አሉ፤ እኔ አልሰማሁም።

«ጣትህስ ደህና ነው» አሉ እትዬ ዘነበች ስጨርስ። «ጆሮህን ግን የት ትተኸው መጣህ?»

ቀልድ መስሎኝ አብሬ ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 28

ወደ አንኮበር አውቶቡስ የለም። ስኳርና ላምባ የጫነ መኪና እስኪነሣ እስከ ስድስት ሰዓት ጠበቅሁ። ሾፌሩ መኩሪያ ይባላል፤ ወሬ የሚወድ፣ ፍሬን የማይወድ። ሁለት ብር አስከፍሎኝ ከጎኑ አስቀመጠኝ። መንገዱ መንገድ አይባልም፤ ድንጋይ ነው። ከፍ እያልን ስንሄድ ጅባራው በዛ፣ ጭላዳዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ዞር ብለው እንኳ አላዩንም። ግማሽ መንገድ ላይ ጎማ ተነፈሰ። ስንጠግን ቀኑ መሸ።

መኩሪያ ወይዘሮ አጸደን ያውቃቸዋል። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ አንድ ልጃቸው ወታደር ሆኖ ሐረር ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ደብዳቤ ይልካል፣ እሱ ግን መጥቶ አያውቅም። ይህን ሁሉ ነገረኝ። እኔ በልቤ ለእሑድ የሚሆኑኝን ግጥሞች እየደጋገምኩ «አሃ፣ አሃ» እል ነበር። የአንኮበሯ ከተማ ጎረቤላ ስንገባ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ቤቶቹን ውጧቸዋል። መኩሪያ ዘመዶቹ ቤት ወስዶ አሳደረኝ። ብርዱ እንቅልፍ ነሣኝ፤ ጆንያውን ከማሲንቆው ገፍፌ ለበስኩት።

እሑድ፣ የካቲት 29

ጠዋት ጉሙ ገለጥ ሲል ከግቢው ጫፍ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። እታች አሊዩ አምባ፣ ከዚያ ወዲያ ማለቂያ የሌለው ቆላ። እንዲህ ያለ አገር ይዞ ማን ይዘፍናል፣ ዝም ብሎ ያያል እንጂ ብዬ አሰብኩ።

ከቅዳሴ በኋላ ወይዘሮ አጸደ ቤት ገባሁ። ቀጭን፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ፣ ለእንግዳ ሁሉ የሚነሡ ሴት። ጋሽ ታፈሰ ምድጃው ዳር ነበሩ፤ ረጅም፣ ጉንጫቸው የገባ ሽማግሌ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ የአባቴን ቀጠሮ፣ የማክሰኞውን መሥሪያ ቤት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። ማሲንቆዬን ከእጄ ወስደው ቆዳውን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት። በጉሙ ረግቦ ኖሯል። ለእሳቱ አሳይተው፣ እያገላበጡ አሙቀው መለሱልኝ። ምሳ ሲነሣ ተጫወት አሉኝ።

ለሃምሳ አምስት ቀን የሚበቃ ሥጋ ተበላ፣ ጠላው ዞረ። ተነሥቼ መሐል ቆምኩ። ድምፄ ወጣልኝ፣ ሰው አጨበጨበ፣ ጋሽ ታፈሰም ራሳቸውን ነቀነቁ። ተሳካ አልኩ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን አነሡ።

«ተቀበል» አሉ።

ሕጉን የማያውቅ የለም፤ እንግዳም ባለቤትም «ተቀበል» ብሎ ግጥም ከሰጠ አዝማሪው ያንኑ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። ወይዘሮ አጸደ በቀጭን ድምፅ ግጥማቸውን ሰጡ። እኔ ግን ዓይኔ እሳቸው ላይ፣ ልቤ ደብተሬ ላይ ነበር። «ሐረር» የምትለዋን ብቻ ያዝኩ። ከዚያ ስለ ጠላቸው ጥፍጥናና ስለ አንገታቸው ውበት ያዘጋጀሁትን ግጥም ለቀቅሁት።

ጭብጨባው ቆመ። ወይዘሮ አጸደ አቀረቀሩ። ምድጃው ዳር የጋሽ ታፈሰ ማሲንቆ ሲነሣ ሰማሁ፤ ቀስ ብለው ያን የሴትዮዋን ግጥም ተቀበሉ።

ሐረር የሄድከው ልጅ ፋሲካ ሳይደርስ፣
ደብዳቤው ይቅርና ራስህ ተመለስ።

ሁለት ጊዜ መለሱላቸው። ወይዘሮ አጸደ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ፣ ጎረቤቶቻቸውም አብረው አለቀሱ። እኔ ወደ ጥግ ሄጄ ማሲንቆዬን መጠቅለል ጀመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። መኩሪያ በመኪና ውስጥ ሁሉን ነግሮኝ ነበር እኮ!

ጋሽ ታፈሰ መጥተው ከጎኔ ተቀመጡ። አልተቆጡም። ሴትዮዋ ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ከራሳቸው ከጋሽ ታፈሰ የሰማሁትን እንጂ ከሴትዮዋ አፍ «ሐረር» ከምትለዋ በቀር የያዝኩት አልነበረም። «አንተን ለመስማት አይደለም የሚጠሩህ» አሉኝና ተነሥተው ሄዱ።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል እንግዳው ተበተነ። ወይዘሮ አጸደ ጓዳ ደጃፍ ዕቃ ያጣጥባሉ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸውና ግጥሙን ደግመው እንዲሰጡኝ ለመንኩ። እጃቸውን በቀሚሳቸው አደረቁና ተቀመጡ። ሰጡኝ። ደብተር የለም፣ ማስጌጥ የለም፤ እያንዳንዱን ቃል ይዤ መለስኩላቸው። ጣቴ ሳተ፣ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሌላ ሰጡኝ፣ እሱንም መለስኩ። ልጃቸው ሲወለድ ስለ ዘነበው ዝናብ፣ ስለ ተወው ጫማ። ስንጨርስ ፀሐይ ጠልቃለች። ቀና ስል ጋሽ ታፈሰ በሩን ተደግፈው ቆመዋል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆሙ አላወቅሁም።

የራሳቸውን ማሲንቆ ጭራ አላልተው፣ በጨርቅ ጠቅልለው ግድግዳው ላይ ካለው ካስማ ሰቀሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ለመንገድ የሚያላሉልኝ መስሎኝ ሰጠኋቸው። አላልተው፣ ጠቅልለው፣ ከራሳቸው ማሲንቆ ጎን ሰቀሉት።

«የፋሲካ ማግስት መጥተህ ታወርደዋለህ» አሉ።

«እስከዚያ በምን ልለማመድ ጋሽ ታፈሰ?»

«ሰው የለም እንዴ አገርህ? ስማ።»

ሰኞ፣ የካቲት 30

ከመኩሪያ ጋር ወረድኩ። ሸክምህን የት ጣልከው ብሎ ሲጠይቀኝ ነገርኩት። እሱም የራሱን ነገረኝ፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ አማቱ። ሁሉንም ሰማሁ። ደብረ ብርሃን ጭር ብላለች። በእትዬ ዘነበች ቤት አጠገብ ሳልፍ በተከፈተው በር ማሲንቆዎቹ ተርታውን ተሰቅለው አየሁ። የእኔም እንደነሱ ተሰቅሏል አልኩ፤ ደስታዬን አልደብቅም፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

አዲስ አበባ ስደርስ መሽቷል። አባቴ በሩን ከፍተው መጀመሪያ ያዩት ጀርባዬን ነው። ባዶ መሆኑን ሲያዩ ፊታቸው ደስታ ይሁን ኀዘን ያልለየለት ነገር ሆነ። ጋሽ ታፈሰ ከራሳቸው ጎን እንደሰቀሉት፣ የፋሲካ ማግስት እንደማወርደው ነገርኳቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰው ናቸውና ለሁዳዴ የተሰቀለ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። እስከዚያ መሥሪያ ቤት ትገባለህ አሉኝ። እሺ አልኩ፤ ይህን እሺ ሰምቼ ነው ያልኩት።

ከዚያ ከዓርብ ጀምሮ ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ስሄድ በር ላይ ምን ብለውኝ ነበር?»

አባቴ አልጋው ራስጌ ታጥፎ ወደተቀመጠው ጋቢ ዞር አሉ።

«ደብረ ብርሃን ይበርዳል፣ ጋቢዬን ውሰድ ብዬህ ነበር።»