እናቴና የሸራው ጉድጓድ

አዲስ ሸራ እርጥብ አፈር ላይ ተዘርግቶ ፀሐይ ሲመታው የሚያወጣው ሽታ ዛሬም በሄድኩበት ያስቆመኛል። ጭሮ ገበያ ውስጥ፣ ጫት ነጋዴዎች ለዝናብ ብለው በወጠሩት ሸራ ሥር ሳልፍ ድንገት ይመጣብኝና፣ ፌስታሌን እንደያዝኩ ቆሜ፣ ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ በተቆፈረው ጉድጓድ አፋፍ ላይ ጫማዋን የምታወልቀውን እናቴን አያለሁ። ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ወደዚያ ውሃ የምትገባ አይመስለኝም ነበር፤ ከገባችም የምትወጣ አይመስለኝም ነበር።

አባቴ ከወላይታ ተመድቦ መጥቶ ጭሮ የቀረ ጤና ረዳት ነበር፤ እናቴ ደግሞ የሚኤሶ ልጅ ነበረች፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤትና ከራሷ ጋር በኦሮምኛ የምታወራ። ሁለቱም የወንጌል አማኞች ነበሩ፤ አባቴ በወጣትነቱ ወንዝ ውስጥ ሲጠመቅ፣ እናቴ ግን በጌታ አምና፣ ትምህርቱን ጨርሳ፣ መዝሙሩን ሁሉ በቃሏ ይዛ፣ ውሃው ብቻ ቀርቷት ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰውነቱ ውሃ ውስጥ ያልገባ ሰው የጌታን እራት አይወስድም ነበርና፣ ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ የቁራሹ ዳቦ ትሪ ሲዞር፣ እናቴ ትሪውን ከአንዱ ተቀብላ፣ ምንም ሳታነሳ፣ ለቀጣዩ ሰው ታሳልፍ ነበር። ግድ የለኝም ትል ነበር። ግድ ግን ነበራት፤ የዚያን እሁድ ምሳ አይበላላትም ነበር።

ምክንያቱን የማያውቅ አልነበረም። ልጅ ሳለች፣ ከታናሽ ወንድሟ ከገመቹ ጋር፣ የደረቀውን ወንዝ አሸዋ ቆፍረው ውሃ ሊቀዱ ወርደው፣ ሚኤሶ ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ እዚህ እኛ ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ደራሽ ጎርፍ ሆኖ ደረሰባቸው። እሷን የወደቀ ግራር ያዛት፤ ገመቹ ሬሳው እንኳ አልተገኘም። ስለዚህ ክረምት ሲገባና ጭሮ ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም፣ የሰፈሩ እናቶች ያሰጡትን ልብስ ለማንሳት ሲሯሯጡ፣ የእኔ እናት በር ላይ ቆማ ወደ ቆላው እያየች፣ «አሁን እኮ አሸዋው ላይ ሰው ይኖራል» ትል ነበር። የእኛ ቆርቆሮ ላይ የሚወርደው ውሃ እዚያ ታች ልጅ ፍለጋ የሚሄድ እየመሰለኝ ብርድ ልብስ ውስጥ እሸጎጥ ነበር። አጎቴን በፎቶ እንኳ አላየሁትም፤ ግን እንደ አንዱ የቤት ልጅ ነበር፣ ብቻ አያድግም። ታላቄ ነበር፣ ከዚያ እኩያዬ ሆነ፣ ከዚያም በለጥኩትና ታናሼ ሆኖ ቀረ።

አንድ መስከረም፣ ዝናቡ አልፎ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ኩሬ ሲጠራ፣ እናቴ ከሌሎች ተጠማቂዎች ጋር ነጩን ጋውን ለብሳ ወረደች። እስከ ጉልበቷ ገባችና ቆመች፣ ውሃውን አየችው፣ ከዚያ ማንንም ሳታይ ዞራ ወጣች። መዝሙሩ ግማሹ ላይ ተቋረጠ። ማንም አልተቆጣትም፤ የቤተ ክርስቲያኑ አዛውንት መጋቢ «ጌታ አይቸኩልም፣ እኛም አንቸኩልም» ብለው ጋቢያቸውን ደረቡላት።

አባቴ ግን ቸኮለ። እሱ እንደሆነ ፍርሃት በሽታ ነው፣ በሽታ ደግሞ ይታከማል ባይ ነበር፤ በጋው እንደገባ ትልቁን ሳፋ ውሃ ሞልቶ ግቢ ውስጥ እያስቀመጠ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ «ዛሬ ፊትሽን ብቻ፤ ነገ ጆሮሽ ድረስ» እያለ ያለማምዳት ጀመር። እናቴ «ዶሮ አደረግኸኝ እንዴ? ነክረህ ልትነጨኝ ነው?» ትለውና ሁለቱም ይስቁ ነበር፣ አጥር ላይ የተንጠለጠሉት የሰፈር ልጆችም አብረው። በዚያ ሰሞን ውሃ ውስጥ ስለ መግባት ቤታችን ያልተነገረ ቃል አልነበረም። አባቴ መጥለቅ ይል ነበር፣ እንደ ፀሐይ፣ ጠልቃ በነጋታው እንደምትወጣው። ዲያቆናቱ መጠመቅ ይሉ ነበር። ወንድሜ ዘሎ መግባት ይል ነበር፣ ዋና ሳይችል። እናቴ ግን በሁለቱም ቋንቋዋ ያላት አንድ ቃል ነበር፣ መስጠም። ሳቋ ሲያልቅ ሳፋውን ጎንበስ ብላ የምታይበት አኳኋን ደስ አይለኝም ነበር፤ የሆነ ሰው ከውስጡ የሚያናግራት ይመስል ነበር።

በበልግ መጋቢው መላ አመጡ። ወንዙም ኩሬውም ካስፈራት ሁለቱም ይቅሩ ብለው የቤተ ክርስቲያኑን ጓሮ አስቆፈሩ፣ ጉድጓዱ አዲስ ሸራ ለበሰ፣ ቢጫ ጀሪካን የጫኑ አህዮችና አንድ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲያመላልሱ ዋሉ። በማግስቱ እናቴ ጫማዋን አውልቃ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ ሳትቆም ገባች። መጋቢው ጀርባዋን ደግፈው ቃሉን ተናገሩና ወደ ኋላ አስተኟት። ሌሎቹ ወዲያው ብቅ ብለው ሃሌ ሉያ ይሉ ነበር። እሷ አልወጣችም። የመጋቢው ክንድ ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ «ከበደችኝ» አሉ። ከውሃው በታች ፊቷ ይታየኝ ነበር፣ ዓይኗ ተከፍቷል፣ አትንፈራገጥም፣ ተኝታ ሰማይ የምታይ ነበር የምትመስለው። እንደዚያ ተረጋግታ አይቻት አላውቅም፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። «እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ከነሱፉ ገብቶ ከመጋቢው ጋር ጎትተው አወጧት፣ ሰው ሁሉ እያለቀሰ ዘመረ፣ ጠላት ሊያስቀራት ነበር ተባለ፣ እሷ ግን ውሃ እየተንጠባጠበች እኔን ብቻ ታየኝ ነበር፣ ማን እንደሆንኩ ለማስታወስ እንደምትሞክር ሁሉ።

ወር በገባ እሁድ ትሪው ሲመጣ ቁራሹን አንስታ በላች። አባቴ ድናለች ብሎ ሳፋውን ለልብስ ማጠቢያ መለሰው፣ እስኪሞትም ድረስ ያዳንኳት እኔ ነኝ ይል ነበር።

ዛሬ በዚያ ጓሮ ሴራሚክ የተለጠፈበት ገንዳ አለ፣ ደረጃ አለው፣ ቧንቧ አለው። ባለፈው በጋ ልጄ እዚያው ተጠመቀች፤ እንደ ዓሣ ገብታ እየሳቀች ወጣች፣ ጓደኞቿም በሞባይል ቀረጿት። ከጎኔ ከዘራዋን ተደግፋ የተቀመጠችው እናቴ ዓይኗን ከውሃው ሳትነቅል፣ «ሁላችሁም ውሃ ትፈራለች ትሉኝ ነበር» አለች።

«ትፈሪ አልነበር እንዴ?»

«ቢሻን መች ፈራሁ፣ ኢንታላ ቲያ» አለችኝ፣ ውሃውን መች ፈራሁ ልጄ ማለቷ ነው። «መውጣቱን ነበር የፈራሁት። እዚያ ታች ጸጥ ይላል። ከገባሁ ገመቹን ደግሜ ትቼው መውጣት እንደማልፈልግ አውቅ ነበር። አልፈለግሁምም።»

«ታዲያ ለምን ወጣሽ?»

«አንቺ ጮህሽብኝ» አለች፣ ቅር ባለው ድምፅ።

ያኔ ውሃው የያዛት ይመስለኝ ነበር፤ እሷ ውሃውን ይዛው እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ። አሁን አርጅታለች፣ ከሰዓት በኋላ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ዓይኗን ገልጣ ዝም ትላለች፣ እኔም ሥራዬን ትቼ እጠራታለሁ። አንዳንዴ ቶሎ ትመልስልኛለች። አንዳንዴ ደግሜ እጠራታለሁ።