ብረት ላይ የደረሰ ኮከብ

የተያዝኩት ናኪቩቦ በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ ስበላ ነው። በፈረንጆቹ 2020 መጨረሻ፣ ከተማው በተቃውሞ የታመሰበት ሰሞን ነበር። አስለቃሽ ጭስ ያባረራቸው ወጣቶች ወደ ምግብ ቤቱ ገቡ። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ የአስመራ ሴት፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈው በጓሮ አስወጧቸው። ወታደሮቹ በሩን ሰብረው ሲገቡ ያገኙት እሳቸውንና እኔን ብቻ ነው።

ፊታችንን ሸፍነው ስለወሰዱን የት እንደነበርን እስከ ዛሬ አላውቅም። ጨርቁ ሲነሳልኝ ያየሁት እርጥብ ሲሚንቶ፣ አንድ ባልዲ፣ ጣሪያው ሥር ደግሞ እጅ የማታስገባ መስኮት ነው።

በማግስቱ እሳቸውን ለምርመራ ወሰዷቸው። ሲመለሱ በጉልበታቸው እየዳኹ ነበር። ውስጥ እግራቸውን ገርፈዋቸዋል።

«ያስመለጥሻቸው እነማን ናቸው ይሉኛል» አሉኝ። «ባውቅስ እነግራቸዋለሁ?»

ያለኝ ውሃ ጥቂት ነበር። ቀሚሴን ነክሬ እግራቸው ላይ አደረግሁላቸው።

«አንቺ የምታስተምሪው ምንድን ነው?»

«ፊዚክስ ነው፣ እትዬ።»

«እስቲ እሱን አውሪኝ። እግሬን ልርሳው።»

ከመያዜ በፊት ለተማሪዎቼ ስለ ከዋክብት ጀምሬ ስለነበር ከዚያው ቀጠልኩ። ኮከብ የሚጀምረው ከቀዝቃዛ የጋዝና የአቧራ ደመና እንደሆነ ነገርኳቸው። ደመናው በራሱ ክብደት ይሰበሰባል፤ ሲጨመቅ መሐሉ ይግላል። ሙቀቱ ሲበረታ ሃይድሮጅኑ እየተዋሐደ ሂሊየም ይሆናል፤ ያኔ ኮከቡ ያበራል።

«ክብደቱስ? ተወው?»

«አይተወውም። ዕድሜውን ሙሉ ወደ ውስጥ ይጫነዋል። የመሐሉ ሙቀት ወደ ውጭ ስለሚገፋ ነው የሚቆመው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው «ገባኝ» አሉ።

በሚቀጥለው ቀን ፖሾ የሚሉት የበቆሎ ገንፎና ባቄላ መጣልን። እሳቸው አልበሉም፤ ትኩሳት ይዟቸዋል። ትምህርቱን ግን ጠየቁኝ። ሂሊየሙ ካርቦንና ኦክስጅን እንደሚሆን፣ እንደ ፀሐይ ያሉት ነዳጃቸው ሲያልቅ አብጠው ውጫቸውን ወደ ጠፈር እንደሚለቁ፣ የሚቀረው መሐላቸው እንደ ፍም ቀስ እያለ እንደሚቀዘቅዝ አስረዳኋቸው።

«ከፀሐይ የሚተልቁትስ?» ሲሉኝ በሩ ተከፈተ።

«ማማ፣ ተነሺ» አላቸው ጠባቂው።

አልተነሱም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ትምህርት ላይ ነኝ፤ መምህሬ ትጨርስ» አሉት።

ይጎትታቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ጠባቂው ኮሪደሩን ዞር ብሎ አየና ትከሻውን በሩ ላይ አስደገፈ።

«ፍጠኑ» አለ።

«ትልልቆቹ እስከ ብረት ይደርሳሉ» አልኩ። «ብረቱ ግን ቢዋሐድም ኃይል አይሰጣቸውም። ወደ ውጭ የሚገፋው ነገር ይጠፋል። መሐላቸው ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደረመስና ኮከቡ ይፈነዳል።»

«አለቀለት?»

«የሠራው ነገር ሁሉ ይበተናል፤ ሌላ ደመና ውስጥ ይገባል። ከዚያ አዲስ ኮከብ፣ አዲስ መሬት ይሠራል። በደማችን ያለው ብረት እንደዚያ ካሉ ፍንዳታዎች የመጣ ነው።»

እግራቸው ላይ የደረቀውን ደም አዩት። «ይሄም?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ሻሻቸውን ፈተው አስተካክለው አሰሩ። ጠባቂው ክንዳቸውን ሊይዝ ሲል እጁን በቀስታ አነሱትና በዚያ እግራቸው ቀጥ ብለው ወጡ።

አልተመለሱም። እኔን ከሳምንታት በኋላ ያለ ምንም ክስ መንገድ ዳር አውርደውኝ ሄዱ። ሙቱንጎ በሚባል ሰፈር የሚኖሩት እህታቸው ጋ ስሄድ ቤቱ ለቅሶ ላይ ነበር። የያዙን ሰዎች ሆስፒታል ውስጥ በስኳር በሽታ ሞተች ብለው አስከሬኗን ሰጥተዋቸዋል።

«እዚያ ውስጥ ምን ታደርጉ ነበር?» አሉኝ እህታቸው።

ስለ እግራቸው ልናገር አስቤ አቃተኝ። «እንማር ነበር» አልኳቸው።

«ልጅ ሆና ትምህርት ቤት አስገቡኝ ብላ አልቅሳ ነበር» አሉ። «እምቢ አሏት።»

ዛሬም አስተምራለሁ። ሰው ስለ ተማሪዎቼ ሲጠይቀኝ፣ ስማቸውን ባልጠራም እሳቸውንም እጨምራለሁ።