ማን ሊያርምልኝ

በአንድ የቻይና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ፈተና ሲደርስ ተማሪዎቹ የልምምድ ወረቀታቸውን ከፎቅ ላይ ቁልቁል ይበትኑታል። እነሱ የጠገቡትን የጽዳት ሠራተኛዋ ሴትዮ ከታች ትለቅማለች። በእርሳስ የተሠራውን የእንግሊዝኛ ወረቀት ትለይና፣ የልጁን ስምና መልስ በላጲስ አጥፍታ፣ ደረጃው ሥር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ እንደ አዲስ ትሠራዋለች። ምንባቡ ሲከብዳት የጎማ ጓንቷን አውልቃ በጣቷ እየተከተለች ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች።

የእንግሊዝኛ መምህሯ ታኦ አንድ ቀን ቆም አለችና፣ «እትዬ፣ ስምዎን ግን ለምን አይጽፉበትም?» አለቻት።

«ማን ሊያርምልኝ!» ብላ ሳቀች ሴትየዋ።

ታኦም አብራት ሳቀች። ክፍል ረፍዶባት ነበርና ሄደች።

በአዲሱ ዓመት ባልዲውን የያዘችው ሌላ ሴት ናት። ደረጃው ሥር በሲባጎ የታሰረ የሦስት ዓመት ወረቀት ተገኘ። ታኦ ቀይ እስክሪብቶዋን አውጥታ የላይኛውን አረመች። ከሃያው ጥያቄ አሥራ ስምንቱ ልክ ነው። ውጤቱን ጻፈችና ስም የሚጻፍበት መስመር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ።

ሦስት ዓመት ሙሉ «እትዬ» ብቻ ነበር የምትላት።