የማትሞተው ፊውዝ

የእህቴን ባል፣ እኔ ጋሼ የምለውን፣ ሰፈርተኛው «አይጣልም» ይለዋል። ራዲዮ፣ ካውያ፣ ማራገቢያ፣ የፀጉር ማድረቂያ ይጠግናል። አንድ ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ መጥቶ «ልጥለው ነበር እኮ» ካለው፣ ልጁን ሊጥል እንደነበረ ሰው ይቆጣዋል።

«አይጣልም! አምጣው ወዲህ።»

ያገላብጠዋል፣ ያሸተዋል፣ ይበይደዋል። እምቢ ካለውም መደርደሪያ ላይ ያወጣዋል እንጂ አይጥለውም። መደርደሪያው ሱቁን ሞልቶ ወደ ሳሎን፣ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት ከገባ ቆይቷል። እህቴ እግሯን የምትዘረጋው ግማሽ ቴሌቪዥን ላይ ነው።

ስሙ የገነነው ግን በፊውዝ ነው። ፊውዝ ማለት ኤሌክትሪክ ከልክ ሲያልፍ ቀድማ ተቃጥላ መስመሩን የምትቆርጥ ቀጭን ሽቦ ናት። ጋሼ በዚህች ሽቦ መቃጠል ሁልጊዜ ይናደዳል። እሷን አውጥቶ በምትኳ ወፍራም መዳብ ይጠመጥማል። «ይቺ አትሞትም፤ የልጅ ልጅህ ይወርሳታል» ይላል። ደንበኛውም መርቆት ይሄዳል። የራሱ ቤት ቆጣሪ ላይ ያለችውም የእጁ ሥራ ነበረች።

እንዲህ ሲኖር አንገቱ ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ አንዲት እባጭ ወጣች። ሻርፕ ጠመጠመባት። በዚያ ሁሉ ሙቀት ሻርፕ ያደረገ ሰው እሱ ብቻ ነበር። «ፋሽን ነው» አለን። ፋሽንና እሱ ተያይተው አያውቁም፤ እህቴም አንድ ቀን ምሳ ሲበላ ከኋላው መጥታ ሻርፑን ሳበችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እንግዳ ነው።»

«እንግዳ ያለ ሻንጣ አይመጣም! ተነሥ፣ ሐኪም ቤት!»

ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ ሲደርስ ሦስታችንም ገባን። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምታስረዳው። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ የያዝኩትን ያህል ይኸው፤ ከተሳሳትኩ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው።

«ሰውነታችን ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሕዋስ» አለች፣ «መሞቻውን ያውቃል። ሲያረጅ ወይም ሲበላሽ ራሱን ያጣጥፋል፣ በትንንሹ ይቋጠራል፣ ጎረቤቶቹም ቋጠሮውን ይበሉታል። ግርግር የለም። እርስዎ እናትዎ ሆድ ውስጥ ሳሉ እጅዎ እንደ ዳክዬ እግር የተያያዘ ነበር። ጣቶችዎ የተለያዩት በመካከላቸው የነበሩት ሕዋሳት በጊዜ ስለሞቱ ነው።»

ጋሼ ጣቶቹን ዘርግቶ አየ። እኔም የራሴን ሰርቄ አየሁ።

«ያለ ጊዜያቸው ሲሞቱም በሽታ ነው፤ አእምሮ የሚዝለው፣ ልብ የሚደክመው አንዳንዴ በዚያ ነው። የእርስዎ ግን ተቃራኒው ነው። እዚህ አንገትዎ ላይ ያሉት መሞት ሲገባቸው እምቢ ብለው ይራባሉ። ካንሰር የምንለው እሱን ነው።»

እህቴ እጄን ጨመቀችው። ጋሼ ግን ፊቱ በራ።

«እምቢ አሉ? ጎበዞች! እኔን መስለዋል።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች እህቴ።

«ልጄ፣ ጥገና የለውም?»

«ጥገናው ማውጣት ነው። አሁን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ቶሎ ከወጣ ይድናሉ። ከቆየ ግን ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ ያኔ እኔም አልደርስበትም።»

«እየሠራ ያለ ነገር ቆርጬ አልጥልም» ብሎ ተነሣ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ለመንነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እህቴ አለቀሰች፤ ዞር ብሎ ራዲዮ ከፈተ። እባጯ ግን እንደ ውኃ እያሳሳቀች ታድግ ጀመር። አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ እንባዋን ጠርጋ ሳሎን መካከል ቆመች።

«እሺ፣ እንወራረድ። ከዚህ ሁሉ ጉድህ ውስጥ ለማሞቂያ የተሠራውን በሙሉ ባንድ ጊዜ ሰካው። ሁሉም ከሠራ ስለ አንገትህ አፌን እዘጋለሁ። አንዱ ከሞተ ነገ ትቆረጣለህ።»

«ወንድምሽ ምስክር ይሁን።»

«እኔን ተዉኝ» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ካውያዎቹን ደረደረ። የፀጉር ማድረቂያዎቹን፣ የውኃ ማፍያዎቹን፣ አንድ እግሯ የተሰበረ የኤሌክትሪክ ምድጃም አወጣ። ማከፋፈያ በማከፋፈያ ላይ ሰካ። ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር።

«ጋሼ፣ አይበዛም?» አልኩት።

«አንተ ልጅ፣ ፊውዟ የኔ ናት።» ልጅ የሚለው ፀጉሩ የሸበተውን እኔን ነው።

አበራው።

ሁሉም ሠሩ! ካውያዎቹ ጋሉ፣ ማድረቂያዎቹ ጮኹ፣ ምድጃዋ ቀላች። ጋሼ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ዞረ።

«አየሽ? አየሽ? አንድም የሞተ የለም!»

እህቴ ግን ግድግዳውን ታይ ነበር። ሽቦው በሄደበት መስመር ቀለሙ ያብጣል፤ ከዚያ ጢስ ወጣ፤ ከዚያ መጋረጃው ተያያዘ። አንዱ ማድረቂያ ግን አሁንም በደስታ ይጮኻል።

እህቴ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ሮጣ የቆጣሪውን ማጥፊያ አንድ ጊዜ መታችው። ቤቱ ዝም አለ። እኔ ብርድ ልብስ መጋረጃው ላይ ስጥል ጋሼ ከጀርባዬ ይጮኻል፦

«ብርድ ልብሱ ደህና ነው! አይጣልም!»

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ውጪ ቁጭ አልን። መጋረጃው አመድ ሆኗል፣ የግድግዳው ሽቦ ቀልጧል፣ ማከፋፈያዎቹ እንደ ሻማ ተጣብቀዋል። ጋሼ በካቻቢቴ የቆጣሪውን ፊውዝ ነቅሎ አመጣ። መዳቧ አልጠቆረችም እንኳን። መዳፉ ላይ አስቀምጦ ለረጅም ጊዜ ተመለከታት።

«እሷ አልሞተችም» አለ።

በተከፈተው በር ወደ ጠቆረው ሳሎን አየ።

«እሷ ብትሞት ይሄ ሁሉ ባልሞተ።»

ሌላኛው እጁ ቀስ ብሎ ወደ አንገቱ ወጣ።

«ውርርዱን አሸንፌያለሁ፤ እሱ ይታወቅልኝ» አለ። «ነገ ግን ስንት ሰዓት ነው የምንሄደው?»

እህቴ ልትስመው ነው ብዬ ፊቴን አዞርኩ። በመጥረጊያው እንጨት ጀርባውን መታችው። ከዚያ ሳመችው።

ቀዶ ጥገናው የሆነ ቀን ጋሼ ኪሱ ውስጥ የታጠበ ብልቃጥ ይዞ ነበር።

«ዶክተር፣ የምታወጪውን እዚህ ውስጥ አድርጊልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል?»

«አይታወቅም።»

«ላብራቶሪ ይሄዳል፣ ጋሼ» አለችው እየሳቀች። እኔ ብልቃጡን ተቀበልኩት። በኋላ መልሱ ሲመጣ፣ የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ ነው፣ የቀረ የለም፣ እየመጡ ይታዩ ብቻ አለችን። እህቴ እዚያው ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

አሁን አንገቱ ላይ ሚጢጢ ጠባሳ አለ። ሻርፑን አውልቋል። ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንጠልጥሎ የድሮ ደንበኞቹ ቤት እየዞረ ወፍራሙን ሽቦ ያወጣል፣ ቀጭኗን ፊውዝ ያስገባል። ሰዎቹ ያጉረመርማሉ።

«አይጣልም፣ ይቺ እኮ በየጊዜው ትሞታለች!»

«ትሙት! ሥራዋ ነው» ይላቸዋል።

የሰበሰበውን መዳብ ጠቅልሎ አንድ ማለዳ ቆሻሻ ላይ ጣለው። በሕይወቱ የጣለው የመጀመሪያው ነገር ነው፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ግን ጥቅሉ ተፈቶ በግቢው ከጥግ እስከ ጥግ ተወጥሯል። እህቴ አንሶላ እያሰጣችበት ነው።

«ምን ታየኛለህ?» አለችኝ። «ይሄማ አይጣልም።»