በአራት የተከፈለ ተራራ

ጂዳ በሰው ቤት ስሠራ፣ የማዳም ልጆች በሰለቹት ታብሌት የወሎ አገሬን ተራራ በአራት ክፍል እስል ነበር። አንዱን በውሃ ቀለም፣ አንዱን በነጠብጣብ፣ አንዱን በወፍራም ቅብ፣ የመጨረሻውን በመስመር ብቻ። ስክሪኑ ግን በረኪና የላጠውን ጣቴን አልሰማ እያለ አበገነኝ። ተራራው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር አልገጥም ይላል፤ አጠፋለሁ፣ እንደገና እስላለሁ። ታብሌቱን ከግድግዳ ጋር ላላትመው ምንም አልቀረኝም ነበር!

እንደምንም ጨርሼ ለማዳም አሳየኋት።

«ማሻአላህ! ከኢንተርኔት ነው ያወረድሽው?»

«ከራሴ ነው ያወረድኩት» አልኳት።

ሳቋን ለቀቀችው። ታብሌቱን መልሳ ሰጠችኝና፣ «ያላ፣ መስታወቱን ጥረጊው፤ የጣትሽ አሻራ ሞልቶበታል» አለችኝ።